ሆዱ ጠግቦ የሚራብ ልጅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ በገለምሶ፥ ከባዮሎጂ መምህራን አንዱ ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረገው ንግግር)



 በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ፥ አስተምሮ ስላስመረቃቸው ልጆችና ስለ ወደፊቱ ተስፋ መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ጨው፥ ስለ ጎመን፥ ስለ ቦሎቄና ስለ እንቁላል ልናገር ነው። «በበዓል ቀን ስለ ጓዳ ማውራት ምን የሚሉት ነገር ነው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲያዳምጠኝ እለምነዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት ወደዚህ ከመዛወሬ አስቀድሞ በሌላ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። በሰባተኛ ክፍል ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከቆላው በኩል ስለ ነበረ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ ትመጣለች። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግንባሯን በጠረጴዛው ላይ ደፍታ ታንቀላፋለች። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፥ «ትምህርት የማትፈልጊ ከሆነ ለምን ከቤትሽ አትቀሪም?» ብዬ በጓደኞቿ ፊት ገሠጽኋት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እርሷ ግን ምንም አልመለሰችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ወንድሟን ብጠይቀው፥ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በመንገድ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ወደ ጤና ጣቢያ እንደ ወሰዷት፥ ደሟም ሲመረመር እጅግ አንሶ እንደ ተገኘ ነገረኝ። ልጅቱ በሕክምና ተሻላት፤ በዚያ ዓመት ግን ወደ ክፍል አልተመለሰችም። እንግዲህ እኔ ስንፍና ያልሁት በሽታ ኖሯል። ሰነፉስ የታመመ ልጅና የሰነፈ ልጅ ለይቶ ለማወቅ ያልተጋው መምህር ነበረ። ዛሬ የምናገረው ንግግር ለዚያች ልጅ ያለብኝ ዕዳ ነው ብላችሁ ቁጠሩልኝ።

ረኃብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2015 እና በ2016 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ዝናቡ ቀርቶ በሐረርጌ ምድር የደረሰው ድርቅ ከማንም ልብ አልጠፋም። እንዲህ ያለው ረኃብ ሲመጣ ይታያል፤ ከብቱ ያልቃል፥ ልጁ ይከሳል፥ መንግሥትም ዓለምም ይሰማዋል። ሁለተኛው ረኃብ ግን ማሽላው በጉድጓድ ሞልቶ፥ ልጁም ጠግቦ ሳለ ተደብቆ የሚገባ ነው። ጩኸት የለውም፥ አያከሳም፥ ስለዚህም የሚያዝንለት የለም።

በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ኩራዝን ያውቃል። ኩራዙ ጋዝ ተሞልቶ ክሩ ከሌለ አይበራም። ክሩ ከጋዙ ጋር ሲነጻጸር ምንም ያህል አይመዝንም፤ ብርሃኑ የሚወጣው ግን በእርሱ በኩል ነው። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ማሽላው፥ በቆሎውና ድንቹ ጋዙ ናቸው። ክሩ ደግሞ ሐኪሞች ቪታሚንና ማዕድን የሚሏቸው፥ በቀን የሚያስፈልጉን መጠን በዓይን እንኳ የማይታይ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በአገራችን ገጠር ልጆች ላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውን የአራቱን ጉድለት በየተራ ላስረዳ።

የመጀመሪያው አዮዲን ነው። በጉሮሯችን ፊት ለፊት ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ይህች ዕጢ የሰውነትን ዕድገትና የአእምሮን ሥራ የሚመራ ንጥረ ነገር የምትሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያንሳት ያለችውን ሁሉ ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። አባቶቻችን መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። እንቅርት በምሳሌ እስኪገባ ድረስ በአገራችን የታወቀ በሽታ ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን እንቅርትን የአንገት ነውር አድርጎ ያየዋል እንጂ የአእምሮም ጉዳት መሆኑን አያስብም። አዮዲን በእጅጉ ባነሰበት አገር የሚወለዱና የሚያድጉ ልጆች አእምሯቸው ይዘገያል፤ ጉድለቱ በእናትየው ማሕፀን ሳሉ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በኋላ አይመለስም።

ይህ ጉድለት በተራራማ አገር የሚበዛበት ምክንያት አለው። አዮዲን በአፈር ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን በዘመናት ብዛት ሲያጥቡት አዮዲኑም አብሮ ወደ ባሕር ይሄዳል። የጨርጨርን ተዳፋት መሬት፥ በክረምት ቀልቶ የሚወርደውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ መጽሐፍ አያሻውም። አፈሩ ከሌለው እህሉ የለውም፤ እህሉ ከሌለው ልጁ የለውም።

በ1980 እና በ1981 በአገሪቱ በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች ከመቶ 30.6 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፥ በ2005፥ ጥናቱ ሲደገም ነገሩ ይሻላል ተብሎ ሲጠበቅ ብሶ ተገኘ፤ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆነ ልጆች ከመቶ 39.9 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው፤ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤት ደግሞ ከመቶ 4.2 ብቻ ነበረ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቀድሞ ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ መቅረቱና በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨው አዮዲን ሳይጨመርበት በየገበያው መሸጡ ነው። በ2011 ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጣ። በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በቤቱ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘበት ቤተሰብ ከመቶ 89 ደረሰ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አዮዲን መኖሩና በቂ አዮዲን መኖሩ አንድ አይደለም። ጨውን ክዳን በሌለው ዕቃ፥ በምድጃ አጠገብ፥ በእርጥበትና በፀሐይ የምናስቀምጥ እንደ ሆነ በገንዘባችን የገዛነው አዮዲን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል።

አዮዲን ልጆችን ማዳኑ በምን ታወቀ? በ1917 በአሜሪካን አገር አክሮን በምትባል ከተማ ዴቪድ ማሪን የሚባል ሐኪም ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን ይሰጣቸው ጀመር። አዮዲን ከወሰዱት 2190 ልጃገረዶች ዕጢያቸው ያበጠው 5 ብቻ ሲሆኑ፥ ካልወሰዱት 2305 ውስጥ ግን 495ቱ አበጠባቸው። ስዊስ የተባለችው በተራራ የታጠረች አገርም በእንቅርት ትታወቅ ነበር፤ ከ1922 ጀምሮ ግን አዮዲን የተጨመረበትን ጨው ለሕዝቧ ማዳረስ ጀመረች፤ ዛሬ እንቅርት በዚያች አገር የታሪክ ነገር ሆኗል። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን በአንድ የሻይ ማንኪያ ይሰፈራል። አንዲት ማንኪያ ግን በአንድ ቀን የምትዋጥ አይደለችም፤ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ በወጥ ውስጥ መግባት አለባት።

ሁለተኛው ቪታሚን ኤ ነው። ዓይናችን በጨለማ ጊዜ እንዲያይ የሚያስችለው ነገር የሚሠራው በዚህ ቪታሚን ነው። ሲጎድል ልጁ ቀን ደኅና እያየ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይደናበራል፤ በአማርኛ ዳፍንት እንለዋለን። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ቆይቼ ማታ ስመለስ ድንጋይ እየመታኝ ስወድቅ ጓደኞቼ «እንደ ዶሮ ሲመሽ የማያይ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እናቴ የፍየል ጉበት ጠብሳ አበላችኝ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ማየት ጀመርሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ቪታሚን ኤ በእንስሳ ጉበት ውስጥ እንደሚከማች መጽሐፍ ከነገረኝ በፊት የነገረችኝ እርሷ ናት። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎችን ጥበብ አንናቅ፤ ነገር ግን ፍየል የሚታረደው በዓመት ስንት ጊዜ ነው?

ዳፍንት የመጀመሪያው ደወል ነው። ካልተሰማ በዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል፥ ከዚያም ዓይኑ ይደርቃል፥ በመጨረሻም ብሌኑ ቆስሎ ይፈሳል። ከዚህም በቀር ቪታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲይዙት ቶሎ ይሸነፋል። ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በ1993 በአንድ የውጭ አገር የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጥናት ብርቱ የሆነ የቪታሚን ኤ እጥረት መገኘቱን የገለጸው በሐረርጌ ውስጥ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ነበረ። ዛሬ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቪታሚን ኤ ጠብታ ይሰጣል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ከእናቱ ማሰሮ ብቻ ነው።

ይህ ቪታሚን በወተት፥ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ ይገኛል። ሰውነታችን ደግሞ ከአትክልት ሊሠራው ይችላል፤ ምልክቱም ቀለሙ ነው። ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ጎመን፥ ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ዱባ፥ ካሮት፥ የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ሁሉ አላቸው። ስኳር ድንችም ነጩ የለውም፥ ውስጡ ብርቱካናማው ግን ሞልቶታል፤ በአገራችን ምርምር የወጡ ኩልፎና ቱላ የተባሉ ዝርያዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን እነዚህን በትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ካልበሉ ሰውነት በሚገባ አይቀበላቸውም። በውሃ ብቻ የተቀቀለ ጎመን ከቪታሚኑ ብዙውን ይዞ ያልፋል።

ሦስተኛው ብረት ነው። ደማችን ቀይ የሆነው በብረት ነው፤ የምንተነፍሰውን አየር ከሳንባ ወደ አንጎልና ወደ ጡንቻ የሚያደርሰውም እርሱ ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ይደክመዋል፥ ልቡ ይመታል፥ ትምህርት አይገባውም፤ አንዳንዱም አፈርና ከሰል ያምረዋል። እናቶች ሆይ፥ አፈር የሚበላ ልጅ ስታገኙ በዱላ አትምቱት፥ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በ2016 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ለትምህርት ከደረሰ ልጆች ከአራቱ አንዱ ያህል የደም ማነስ ተገኝቶበታል። እንግዲህ እያንዳንዳችሁ መምህራን ነገ ክፍል ገብታችሁ አራት አራት እያላችሁ ቁጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። ዪንግቬ ሆፍቫንደር የሚባል የስዊድን ሐኪም በ1960ዎቹ ዓመታት በአገራችን ባደረገው ምርምር ጤፍ የሚበሉ ኢትዮጵያውያን ከምግባቸው እጅግ ብዙ ብረት እንደሚያገኙ ገለጸ። ከዚህ ብረት ብዙው ከጤፉ ራሱ ሳይሆን በአውድማ ላይ በበሬ ሰኮና ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የመጣ ነው። «እንግዲያስ እኛ ምን አስፈራን?» ትሉ ይሆናል። የእኛ ገበሬ የዕለት እንጀራው ማሽላና በቆሎ ነው። ማሽላም ብረት አለው፤ ነገር ግን በውስጡ ፋይቴትና ታኒን የሚባሉ ነገሮች ስላሉ ብረቱን ጨብጠው ይይዙታል፥ ሆዳችንም ሳይቀበለው ያልፋል። ከዚህ ላይ ቁርስ ነው ተብሎ ሻይ ወይም ሆጃ ሲጠጣበት የቀረውም ይታሰራል። በቆላው ደግሞ ወባና የአንጀት ትል አሉ፤ አንዱ ደሙን ያፈርሳል፥ ሌላው ይመጠዋል። ልጃገረዶች በወር በወር ደም ስለሚፈሳቸው ጉድለቱ በእነርሱ ላይ ይከብዳል። በዚያች በክፍሌ በምታንቀላፋው ልጅ ላይ የተሰበሰቡት እነዚህ ሁሉ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ተግሣጽ ጨመርሁባት።

አራተኛው ዚንክ ነው። በ1958 በኢራን አገር በሺራዝ ከተማ ይሠራ የነበረ አናንዳ ፕራሳድ የሚባል ሐኪም፥ ዕድሜው 21 ዓመት ሆኖ ሳለ የአሥር ዓመት ልጅ የሚመስል ሰው መጣለት። የሚበላው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ብቻ ነበረ፤ አፈርም ይበላ ነበር። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሲመረምር ዕድገታቸውን ያቆመው የዚንክ ጉድለት መሆኑን ከጊዜ በኋላ ደረሰበት። ዚንክ የሌለው ልጅ አያድግም፥ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፥ ምግብ አያምረውም፥ ተቅማጥም ይደጋግመዋል። በ2016ቱ የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 38ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዚንክ ማነሱም ከእነዚህ አንዱ ነው። እነዚያ ሕፃናት አድገው ዛሬ በክፍላችን ተቀምጠዋል።

በዚህ ላይ ግን አያቶቻችን አንድ ጥበብ አቆይተውልናል፤ እርሱም እርሾ ነው። ሊጥ ሲቦካ፥ እህል ሲነከርና ሲበቅል ያ ብረቱንና ዚንኩን ጨብጦ የያዘው ፋይቴት ይፈታል። ስለዚህ በሚገባ የቦካ የማሽላ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ቦሎቄውም ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ውሃው ተደፍቶ ቢቀቀል፥ በላዩም ሎሚ ቢጨመቅበት፥ በሎሚው ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲ ብረቱን ለሆዳችን ያስረክበዋል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ልመለስ። ገለምሶ የድኻ ምድር ናትን? አይደለችም። ቡናችን በዓለም ገበያ በሐረር ስም የታወቀ ነው። ማሽላው፥ በቆሎው፥ በመካከሉ የሚዘራው ቦሎቄ፥ ዱባው፥ በወንዝ ዳር ያለው ማንጎ፥ ፓፓያና ዘይቱን ሁሉ የእኛ ናቸው። የከብትና የፍየል ወተትም አለ። ታዲያ ምን ሆንን? የሆነው እንዲህ ነው፤ እንቁላሉ ገበያ ይሄዳል፥ በምትኩ ስኳር ይመጣል። ወተቱ ከተማ ይሄዳል፥ በምትኩ ሻይ ቅጠል ይመጣል። ጎመን የነበረበት ጓሮ ጫት ሆኗል። በጫት ላይ ለመፍረድ አልመጣሁም፤ ከእናንተ መካከል ልጁን በጫት ገንዘብ ያላስተማረ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፥ የእኔም አባት ደብተር የገዛልኝ በዚያው ገንዘብ ነው። የምለው ይህ ብቻ ነው፤ ከጓሮ የወጣው ገንዘብ ተመልሶ ወደ ማሰሮ ይግባ። ከአሥር እንቁላል ሁለቱ ለልጆቹ ይቅሩ። ከጫቱ ዳር አንድ መደብ ለጎመን ይተው።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ባለፈው ጊዜ፥ «እኛ ማሽላ በልተን አድገን ይኸው ሰማንያ ደርሰናል፤ ይህ የእናንተ ቪታሚን ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በአክብሮት እንዲህ ስል መለስሁላቸው፥ «አባቴ፥ እርስዎ በልጅነትዎ ከማሽላው ጋር ወተት ጠጥተዋል፥ ቅቤ በልተዋል፤ ዛሬ ግን የልጅ ልጅዎ ላሟን አያውቃትም። ደግሞም ከእርስዎ ጋር ተወልደው በሕፃንነታቸው የሞቱት እኩዮችዎ መጥተው ሊመሰክሩ አይችሉም።» ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ በሕፃንነታቸው ያለፉ ሦስት ወንድሞቻቸውን ስም ጠሩልኝ።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1962 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የሕፃናት ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ለአገራችን ያበረከተው እርሱ ነው። ከ1994 ጀምሮ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ምግብ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ በ2015 ደግሞ የአንጀት ትል መድኃኒት በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥበት ሥራ በመላው አገሪቱ ተጀመረ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጠብታው ለሕፃናት ነው፥ የትምህርት ቤት ምግቡ በአብዛኛው ለአንደኛ ደረጃ ነው፥ የትሉ መድኃኒት ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉት ነው። የእኛ ተማሪ፥ ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ወጣት፥ ከሁሉም መካከል ወድቆ ቀርቷል።

እናንተ በኪራይ ቤት የምትኖሩ ተማሪዎች! አኗኗራችሁን አውቀዋለሁ። እሑድ ከቤታችሁ እንጀራና ሽሮ ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ፤ እስከ ረቡዕ ይበላል፥ ከዚያ ወዲያ ዳቦ በሻይ ነው። ለእናንተ የሚሆን ምክር ገንዘብ የማይጠይቅ መሆን አለበት። በማድጋ ጥግ ቦሎቄ አኑሩ፤ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ቀቅሉት። ሻዩን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡት። ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በፊት አንድ ዘይቱን ወይም አንድ ሎሚ አስቡ። ጨውን በክዳን ዝጉ፥ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ጫት የምግብን አምሮት እንደሚዘጋ ስለምታውቁ፥ ሆዳችሁን በማታለል ፈተና የሚታለፍ አይምሰላችሁ።

አሁን እንደ ትምህርት ቤት ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፥ በሚመጣው ወሰነ ትምህርት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ማንኪያ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ያምጣ። የጤና ባለሙያዎች ጨውን የሚመረምሩበት ፈሳሽ አላቸው፤ አዮዲን ያለው ጨው ጠብታው ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፥ የሌለው ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ተማሪዎች ራሳቸው ይመርምሩ፥ ውጤቱንም ለወላጆቻቸው ይንገሩ። አዮዲን የሌለው ጨው ያመጣ ልጅ ግን እንዳያፍር አደራ፤ ጥፋቱ የገበያው እንጂ የእናቱ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ያለው ባዶ መሬት የአትክልት ቦታ ይሁን። ጎመን፥ ካሮት፥ ዱባና ብርቱካናማ ስኳር ድንች ይተከልበት። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ለኪራይ ቤት ተማሪዎች ይከፋፈል፤ ተክሉንም እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ወስዶ በጓሮው ይትከል።

ሦስተኛ፥ ለልጃገረዶቻችን የደም ምርመራ እንዲደረግላቸው ከጤና ጣቢያው ጋር እንነጋገር። የዓለም የጤና ድርጅት የደም ማነስ በበዛበት አገር ለወጣት ልጃገረዶች በሳምንት አንድ ቀን 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለበት ክኒን እንዲሰጥ ይመክራል። ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ የእኛ ፈንታ ልጆቹን ማቅረብና ወላጆች እንዳይፈሩት ማስረዳት ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች! ይህ ሁሉ ብዙ መስሎ እንዳይከብዳችሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንዱ አንድ መደብ ይቆፍር፥ አንዱ አንድ ኩባያ ዘር ይስጥ፥ አንዱ አንድ ቀን ጉልበት ይስጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውንም አንርሳ፤ በእኛ ነገርማ ቅጠሉ እውነተኛ ቅጠል ነው፥ እርሱም በጓሯችን የሚበቅለው ጎመን ነው።

እናንተም የሥራ ባልደረቦቼ፥ ነገ በክፍላችሁ አንድ ልጅ ራሱን ደፍቶ ሲያንቀላፋ ባያችሁ ጊዜ፥ ከተግሣጽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፥ «ዛሬ ጠዋት ምን በልተህ መጣህ?» በሉት። እኔ ይህን ጥያቄ በጊዜው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፥ ምናልባት ያች ልጅ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተመራቂዎቹ መካከል ትቀመጥ ነበር። የእርሷ ወንበር ባዶ ሆኗል፤ የሌላ ልጅ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ግን ዛሬ በእጃችን ነው።